የጋሽ ልኬ ሙሉ ልብስ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ፤ ያም ካነሰ ብዕር የያዘው እጄ ይድረቅ። የሰፈሩ ሰው «ሺህ» እያለ የሚጠራኝ «አንዱን ሺህ አድርጎ ያወራል» ብሎ ነው። ስም ማጥፋት ነው። ደግሞስ የራሱን ሐፍረት የሚያጋንን ሰው የት አለ? የኔ ሐፍረት ግን ውሃ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰፈር ያጥለቀልቅ ነበር።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ልኬ የሚቀበርበት ዕለት ነው። ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል። እኛ ወንዶቹ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ቢሆንም አሥር ሺህ ሰው ነበረባት። ቀና ብዬ ስቃኝ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ኮት ሁሉ የሟቹ እጅ ሥራ ነው። የፀጉር አስተካካዩም፣ የባለ ዳቦ ቤቱም፣ የኔም።

ጋሽ ልኬ ሜትሩ ከአንገቱ፣ ስፒሉ ከከንፈሩ አይለይም ነበር። ሰው ሲለካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አይጠራም፤ የወገብህን ነገር በልቡ ይዞ፣ ሰው እንዲሰማው አድርጎ «ኧረ አልወፈርክም!» ይልሃል። የተማሪ ሱሪ ሲሰፋ፣ ልጁ ሲያድግ እናቱ ፈትታ እንድታስረዝመው ጠርዙን ሰፋ አድርጎ ያጥፋል። ያንን ሰው ያልወደደ ቢኖር ልብስ ለብሶ የማያውቅ ብቻ ነው።

ከሩቅ ከተማ ጠዋት የደረሰችው ሴት ልጁ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ፍም መስሏል።

«የአባዬን ሙሉ ልብስ ያየ ሰው አለ? ያንን ጥቁር ሰማያዊውን፣ ስመረቅ የለበሰውን። ሣጥኑን ገለበጥኩት፤ የለም። ሰዓቱ ደረሰ፤ ምን አልብሼ ልሸኘው?»

ባለ ዳቦ ቤቱ ወዲያው ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። «የኔን ውሰጂ ልጄ። ይኸም የሱ ስፌት ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲሰፋ ኖሮ በሰው ልብስ አይሄድም። የራሱን ነው የምፈልገው።»

ባለ ዳቦ ቤቱ ኮቱን መልሶ አጠለቀ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፤ ያሳክከኛል።

«ልጄ፣ አባትሽ ለራሱ መች ግድ ነበረው?» አልኩ። «ልቡ እኔ ላይ ነበር። ይኸን የለበስኩትን ታያለሽ? ልጄን ስድር ጨርቁን ከባሕር ማዶ በመርከብ አስመጣሁለት። ሜትር እንኳ አላስነካኝም! ‹አንተን በዓይኔ ነው የምቆርጥህ› አለኝ። ሰፍቶ አለበሰኝና፣ ራቅ ብሎ አየኝና፣ አለቀሰ። ‹ከእንግዲህ መቀሴን ብሰቅል አይቆጨኝም› አለ።»

«በሞትኩት ሺህ፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ለዛሬ እንኳ በመቶ ብትጨርሰው?»

ከወዲያ ጥግ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እሷ ግን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ የእጅጌዬን ጫፍ ዳሰሰች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይኼን ያህል ይወድዎት ነበር ጋሼ?»

ያኔ ጆሮዬ ጋለ። አምናኛለች! ሲስቁብኝ ነው የኖርኩት፤ ለምጄዋለሁ፤ እንደ ጨው ነው፤ ያለሱ ወሬ አይጣፍጠኝም። የሚያምነኝ ሰው ሲገጥመኝ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ኮቱ ጀርባዬ ላይ ከበደኝ። ላቤ ከአንገቴ ወርዶ ቀበቶዬ ጋ ደረሰ። ምን ነበር አንገቴን ደፍቼ ዝም ብል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ፤ የኔ አፋፉንም ዘሎ ሄደ።

«እንዴታ!» አልኳት። «ሱሪውንማ ሳምንት ሙሉ በሩን ዘግቶ፣ ደንበኛ እየመለሰ ነው የሰፋው!»

እትዬ ካውያ፣ በዚያ ሱቅ ልብስ ሲተኩሱ ያረጁት ሴት፣ እስካሁን ጥግ ይዘው በዝምታ ሲያለቅሱ ነበር። ተነሡ። ኮሌታዬን የሚያቃኑልኝ መስለው ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው ከኔ ጆሮ አያልፍም።

«ወንድሜ፣» አሉኝ፣ «ጨርቅ አላመጣህም። የሠርጉ ዋዜማ የምትለብሰው ቸግሮህ ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው። ‹ባለቤቱ አሰፍቶ ሳይወስደው የቀረ ነው› ብሎ የሰጠህ እንዳታፍር ብሎ ነው። ባለቤቱ እሱ ነበር። ልጅቷ ያላወቀችው የኮቱን ቁልፎች ስለቀየርኳቸው ነው። ወገቡንም ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ደግሞ አላለቀሰም፤ ለብሰኸው ስትወጣ ‹ሲያወራበት ይኖራል፤ ይሁንለት› ብሎ ሳቀ እንጂ። በል ተነሥ፣ ወደ ጓዳ እንግባ። የምትለውጠው ሱሪ አስቀምጬልሃለሁ።»