«ና» ያልኩበት ዘፈን

«ና» ብዬ የዘፈንኩት ለወንድ ነው፣ በአማርኛ። ጅጅጋ ውስጥ ግን ቃሉ ሶማሊኛም ነው፤ ወንድ ሴትን «አንቺ!» ብሎ የሚጠራበት። ታላቅ ሴት በእሱ አትጠራም፣ ነውር ነው። አላውቅም ነበር እንዳልል እዚሁ ተወልጄ አድጌያለሁ፤ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል እናገራለሁ። አማርኛ ስዘፍን ግን ሌላው ጆሮዬ ይዘጋል መሰለኝ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን በኪቦርድ ስቀዳው አንዴም አልታወቀኝም።

በ2003 ዓ.ም. የባጃጅ ልጆች በሜሞሪ ካርድ ተቀባበሉት። ከገበያው እስከ ሐረር መውጫ ከእኔ ድምፅ ሌላ አይሰማም ነበር። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ልጆቹ ዘፈኑን ከፍተው ባለፈች ሴት ሁሉ ላይ «ና፣ ና» እያሉ ማላገጥ ያዙ። ሴቶቹ ደግሞ እነሱን ትተው እኔን ጠሉኝ።

ኤዶ ኩልሱም ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። «ኤዶ» አክስት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። በልጇ በሳብሪን ሰርግ ላይ እንድዘፍን ቀድማ ነግራኝ ነበር። አሁን ሱቋ ድረስ አስጠራችኝ።

«አክሱማዊት፣ ቃሌን አላጥፍም፣ ትዘፍኛለሽ» አለችኝ። «ያንን ዘፈን ግን አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ የባጃጅ ልጅ ሁሉ ና ይለኛል።»

«ኤዶ፣ እኔ እኮ በአማርኛ ነው ያልኩት።»

«የልጄ ሰርግ ላይ ከዘፈንሽው የዚህ ከተማ ሴት ዳግመኛ አትጠራሽም።»

ያለችውን እንደምታደርግ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የምኖረው በሰርግ ነው።

የሰርጉ ቀን የሙሽራው ጓደኞች፣ አብዛኞቹ የባጃጅ ልጆች፣ ከአዳራሹ ኋላ ተሰብስበው «ና! ና!» እያሉ መጮህ ጀመሩ። ሌላ ዘፈን ብጀምር ጩኸታቸው ዋጠኝ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ያዩኛል። ሳብሪን አንገቷን ደፍታለች። ከዚያ ንዴት ያዘኝ፤ በጎረምሶቹም፣ በኤዶም፣ በራሴም። ብተወው ዘፈኔ ስድብ ሆኖ ይቀራል፤ ብዘፍነው እንጀራዬ ተቆረጠ።

ጀመርኩት።

ኤዶ ኩልሱም ከወንበሯ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ኪቦርዴን እየመታሁ ስንኞቹን ጨረስኩ። አዝማቹ ጋ ስደርስ ጎረምሶቹ አፋቸውን ከፈቱ። ቀደምኳቸው፤ በጣቴ እነሱን እያሳየሁ «ና» አልኩ፣ አንዴ ብቻ። ሙዚቃውን ቀጥ አድርጌ ማይኩን ለኤዶ ዘረጋሁላት። ምን እንደምትል አላውቅም። እዚያው በሰው ሁሉ ፊት ልትረግመኝ ትችላለች።

ማይኩን ነጠቀችኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ፣ ሲያንጓጥጣት የከረመውን ጎረምሳ ሁሉ ተራ በተራ ቃኘችና «ዋርያ» አለች።

ዋርያ፣ በሶማሊኛ «አንተ!» ማለት ነው፤ ሴት ወንድን ቦታውን ስታስይዘው የምትለው።

መጀመሪያ ሳብሪን ሳቀች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ዋርያ!» አሉ፣ እኔም ምቱን ከሥር ለቀቅኩት። ና ስል ዋርያ ይላሉ። ከኋላ ያሉት ትንፍሽ አላሉም። ኤዶ ማይኩን ዘፈኑ እስኪያልቅ አልመለሰችልኝም።

ከጅጅጋ አልፎ እስከ ሽንሌና ኤረር ከተሞች የደረሰው ያን ቀን አንዷ በስልኳ የቀዳችው ነው። ክፍሌ ውስጥ የደከምኩበትን የሚያስታውሰው የለም፤ ሰው ሲያዜም የሚሰማው የኤዶ ቃል ነው። እቀናለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ግን በገበያው ሳልፍ ሴቶቹ በስሜ ጠርተው ያስቀምጡኛል።