አርዲስ ኦሪንን ያጠመደችበት ጠዋት

እህቴ አርዲስና ኦሪን ሆውገን በአንድ የድንጋይ ቁልል ምክንያት አሥር ዓመት ሙሉ ዓይንና ናጫ ሆነው ኖረዋል። ቁልሉ ያለው ቺፕዋ ወንዝ መሀል፣ ከጀልባ ማውረጃው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ውሃው ሲጎድል ሦስት አራት ድንጋይ ብቅ ይላል፤ ሲሞላ ግን ላዩ ላይ የምትሽከረከረውን አረፋ አይቶ እዚያ መኖሩን የሚያውቀው አጥማጅ ብቻ ነው።

ኦሪን የሚፈልገው ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ነው። ዎልአይ ዓይኑ እንደ ብርጭቆ ያበራል፣ ከወንዙ ወለል ተጠግቶ ይኖራል፣ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው። አርዲስ ደግሞ ባስ የሚባለው ዓሣ ካልሆነ የማጥመጃ ዘንጓን አታነሳም። ባስ መንጠቆ ሲነካው ሽቅብ ይዘላል፣ ይወራጫል፣ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እሷም እንደዚያ ታግላ ታወጣውና «ጎበዝ!» ብላ መልሳ ትለቀዋለች። ሁለቱም ዓሣዎች ያንን የድንጋይ ቁልል ይወዳሉ። ጠቡ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ዴልመር እባላለሁ፤ የአርዲስ ታናሽ ነኝ። ፖስታ ሳድል ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ጀልባዋን መቅዘፍ ሆነ። ሐኪሜ አንድ ቀን አፉን አዳልጦት «መቅዘፍ ለልብህ ጥሩ ነው» ስላለ እህቴ ሞተር መግዛቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። አርዲስ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፣ ትዳር ይዛ አታውቅም፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኦሪን በሁለት ዓመት ይበልጣታል፤ አናጢ ነበር፤ ሚስቱ ላቮን ካረፈች በኋላ ከወንዙ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

የእነሱ የጠዋት ሰላምታ ይህን ይመስል ነበር።

«እዚያ ጋ መልህቅ እንድትጥይ ማን ፈቀደልሽ?» ይላል ኦሪን ከቁልሉ የላይኛው ጫፍ።

«ወንዙን አጥረኸው ነበር እንዴ?» ትላለች እሷ ከታችኛው።

«ዓሣዬን እያስበረገግሽው ነው!»

«ያንተ ዓሣ መበርገግ ያውቃል? ስታወጣው እኮ እርጥብ ካልሲ የምትጎትት ነው የሚመስለው!»

«እርጥብ ካልሲው ማታ ቅቤ ውስጥ ይገባል። አንቺ ምን ልትበይ ነው? ስመሽ የለቀቅሽውን?»

«እኔ ዓሣ ስሜ አላውቅም!»

«ባለፈው ማክሰኞ በዓይኔ በብረቱ አይቼሻለሁ!»

እኔ በመካከላቸው ኮፍያዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ ሳንድዊቼን እበላለሁ።

ያን ዓመት በሐምሌ አጋማሽ ሙቀቱ ሰው የሚቀቅል ሆነ። ከዚያ ከወንዙ ራስ ሁለት ቀን ዝናብ ጣለና ውሃው ሞላ፤ ቀለሙም ወተት የበዛበት ሻይ መሰለ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስንደርስ ኦሪን እንደ ልማዱ ቀድሞን መልህቁን ጥሎ ተቀምጧል። ወንዙ ይጎትታል። ቁልሉ ጋ ለመድረስ ክንዴ እስኪዝል ቀዘፍኩ፣ መልህቃችንን ጣልኩ፣ ድንጋዮቹ መሀል ገብቶ ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

ገና ቡናዬን ሳልቀዳ ኦሪን ጮኸ።

«ያዝኩ! አንቺ ሴትዮ፣ ዘወር በይ፣ ትልቅ ነገር ይዣለሁ!»

ዘንጉ እንደ ቀስት ጎብጧል። ዓሣው አይዘልም፣ አይወራጭም፤ ከታች ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ ክሩን ይስባል። አርዲስ እንኳ የራሷን ክር ሰብስባ ማየት ጀመረች።

«ግንድ ነው የያዝከው» አለችው።

«ግንድ ራሱን ይነቀንቃል?»

ኦሪን ለመነሳት ሲሞክር ጀልባው ድንገት ወደ ጎን ዞረ። ለዓመታት ድንጋዩ ላይ ሲፋቅ የኖረው የመልህቁ ገመድ ተበጥሷል። ጅረቱ ይዞት ወደ እኛ መጣ። በአንድ እጁ ዘንጉን እንደያዘ በሌላው የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳበ። ሞተሩ አንዴ አሳለና ዝም አለ። ደግሞ ሳበ። አሁንም ዝም።

«መቅዘፊያህን አውጣ!» ብዬ ጮህኩ።

«የለም!»

«የት ሄደ?»

«ቤት! ቲማቲሜን ደግፌበታለሁ!»

ወደ ታች አየሁ። አራት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የድሮው የባቡር ድልድይ አለ። ጎርፉ ያመጣው ግንድና ቅርንጫፍ ምሰሶዎቹ ላይ ተቆልሎ ውሃው በሥሩ እየተግተለተለ ያልፋል። እዚያ ተገፍቶ የገባ ጀልባ ይገለበጣል፤ ሰውም ከሥሩ ገብቶ አይወጣም። ይህን ኦሪንም ያውቃል፣ አርዲስም ታውቃለች።

«ዴል፣ መልህቁን ንቀል!» አለችኝ።

ተንበርክኬ ሳብኩ። አልነቃነቅ አለ። በመቅዘፊያው ገፋሁት፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና ሳብኩ። ምንም። በዚህ መሀል ኦሪን በሃያ ሜትር ርቀት በአጠገባችን እያለፈ ነበር፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል፤ ዘንጉን ግን አለቀቀም።

አርዲስ ተነስታ ቆመች። ረጅሙን ዘንግ፣ ወፍራሙ ክር የተጠቀለለበትን አነሳች። ጫፉ ላይ ሦስት መንጠቆ ያለው የጣት ርዝመት ያህል የእንጨት ዓሣ ተንጠልጥሏል። ወደ ኋላ አድርጋ ወረወረች። የእንጨቱ ዓሣ በኦሪን ራስ ላይ አልፎ ውሃ ውስጥ ገባ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ኦሪን።

«እያጠመድኩህ! ዝም በል!»

ሁለተኛው ውርወራ ኮፍያውን አነሳው። ኮፍያው ለብቻው በወንዙ ላይ ተንሳፎ ሄደ። ሦስተኛው ከጀርባው አረፈና የሱሪውን የትከሻ ማንጠልጠያ ያዘ። ማንጠልጠያው የሚለጠጥ ነበርና ክሩ ሲወጠር ኦሪን ወደ ኋላ ተስቦ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ያዝሽኝ! አርዲስ፣ ያዝሽኝ እኮ!»

በአሥር ዓመት ውስጥ ስሟን ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«መንጠቆውን ከላይህ ላይ ንቀለውና የጀልባው አፍንጫ ላይ ያለው ቀለበት ላይ ስካው! ቶሎ በል!»

«ሁለት እጅ ይፈልጋል!»

«ሁለት እጅ አለህ!»

«አንዱ ዓሣ ይዟል!»

«ልቀቀዋ!»

«ሞቼ ነው!»

«ልትሞት እኮ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

ኦሪን ዘንጉን ጉልበቶቹ መሀል ወተፈው። መንጠቆውን ከማንጠልጠያው ለማላቀቅ ታገለ፣ ጣቱን ወጋው፣ በልጆች ፊት የማይባል ነገር ተናገረ፣ ከዚያ በሆዱ ተስቦ የጀልባው አፍንጫ ላይ ካለው የብረት ቀለበት ሰካው። ክሩ ተወጠረ። የጀልባው አፍንጫ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረ።

እኔ አሁንም ከመልህቁ ጋር ግብግብ ላይ ነበርኩ።

«ዴል! እንዳትነካው!» ብላ ጮኸችብኝ።

«ንቀል ብለሽኝ አልነበር?»

«አሁን መልህቁ ነው የያዘን! ብትነቅለው ሦስታችንም ድልድዩ ጋ ነን!»

እውነቷን ነበር። እዚያው ቁጭ አልኩና ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አየኋት። ከቁልላችን በቀጥታ ወደ ታች፣ ውሃው ሁለት የሚከፈልበት ቦታ፣ አንድ የአሸዋ ደሴት አለ። አርዲስ የፈለገችው ኦሪንን ከዋናው ጅረት አውጥታ እዚያ ማሳረፍ ነው። ያንን ከባድ ጀልባ ልክ እንደ ባስ ታገለችው። ክሩ ተወጥሮ መዘመር ሲጀምር ትለቃለች፤ ሲላላ ትጠቀልላለች፤ ዘንጓን ወደ ግራ ታጋድማለች፤ እንደገና ትለቃለች። ጀልባው ከጅረቱ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ከድንጋዮቹ ጀርባ ረጋ ወዳለው ውሃ ገባ። ከዚያ ክሩን ቀስ እያለች ሰጠችውና ወደ ታች አወረደችው፤ ጀልባው አሸዋው ላይ ሲቀመጥ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ።

ኦሪን ዘሎ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገባ። «ተርፌያለሁ» የሚል መስሎኝ ነበር።

«ዓሣው አሁንም አለ!» ብሎ ጮኸ። «መረብ አምጡልኝ!»

የመልህቃችንን ገመድ በቢላ ቆረጥኩና ቀዝፌ ወረድን። ገና ሳንደርስ አርዲስ ከነጫማዋ ዘላ ወረደች፣ መረቡን ከሥር አስገባች፣ ዓሣውንም አነሳችው። እንደዚያ ያለ ዎልአይ አይቼ አላውቅም። ሆዱ ነጭ፣ ጎኑ ወርቅማ፣ ዓይኑ ከውስጥ የበራ ፋኖስ የመሰለ። ኦሪን ለካው። ሃያ ዘጠኝ ኢንች ተኩል ሆነ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ደግሞ ለካው።

«ሴት ናት» አለ በዝግታ። «ስንት ዓመት ስትወልድ ኖራ ይሆን?»

ከዚያም ጎንበስ ብሎ ውሃው ውስጥ አቅፎ ያዛት፤ ጭራዋ ሲበረታ እጁን ከፈተላት። ኦሪን ሆውገን ዓሣ ሲለቅ!

አርዲስ አፏን ከፍታ አየችው። «አንድ ነገር ቀረህ» አለችው። «አልሳምካትም።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ እኔ። ከዚያ ሦስታችንም አሸዋው ላይ ተቀምጠን፣ ልብሳችን ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሆዳችንን ይዘን እስክንደክም ሳቅን። የኦሪን ጣት ግን ይደማ ነበር። አርዲስ አየችውና መሀረቧን አውጥታ አሰረችለት።

ኦሪን በባልዲው ውስጥ ጠዋት ያጠመዳቸው ሦስት ደልደል ያሉ ዎልአዮች ነበሩት። ያለ መጥበሻ፣ ድንችና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከቤት አይወጣም። ዓሣዎቹን አጥንት እንዳይቀርባቸው አድርጎ ገፈፈ፣ የተፈጨ ጨዋማ ብስኩት ውስጥ አንከባለለ፣ ቅቤው ሲንጫጫ ጨመራቸው። እኔ ድንች ላጥኩ። እህቴ ለአሥር ዓመት በእልህ ዎልአይ ቀምሳ አታውቅም። የመጀመሪያውን ቁራጭ በጣቷ አነሳች፣ ነከሰች፣ አላመጠች።

«እ?» አለ ኦሪን።

«ድንቹ ጥሩ ነው» አለች፣ ሁለተኛውን እያነሳች። አራት ቁራጭ በላች።

ከበላን በኋላ እሷ ቀለል ያለውን ዘንግ ሰጠችው። «ና፣ እርጥብ ካልሲ ያልሆነ ነገር ላሳይህ።» ከአሸዋው ጫፍ ሆኖ ወደ ድንጋዮቹ ጥላ ወረወረ። በአምስተኛው ውርወራ አንድ ባስ ጎረሰና ከውሃው ሁለት ክንድ ያህል ተተኮሰ። ኦሪን እንደ ሕፃን ጮኸ።

«አየሽው? አየሽው ወይ? ደግሞ ዘለለ!»

«አየሁት፤ ክሩን አታላላ! ዘንጉን ዝቅ አድርግ! ዝቅ አልኩህ እኮ!»

ሲለቀው ጭራውን መትቶ ፊቱን በውሃ አጠበው። ኦሪን ፊቱን ሳይጠርግ እየሳቀ ቆመ፤ ከዚያም ዓይኑን ወንዙ ላይ እንዳደረገ እንዲህ አለ፦

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ለዎልአይ ከቁልሉ የሚሻል ቦታ ሞልቷል። ላይኛው ጥልቅ ውሃ እጥፍ ይገኛል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«እዚያ ላይ የሚጨቃጨቀኝ ሰው የለማ። ላቮን ከሞተች ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል። ጠዋት ጠዋት አንቺ ስትሰድቢኝ... ቀኑ ጥሩ ይውላል።»

አርዲስ የሸሚዟን እጅጌ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች።

«ለባስም ቢሆን ከታች ያለው የድሮ ወፍጮ ጋ ይሻላል» አለች በመጨረሻ።

እኔ በእጄ የቀረውን ድንች ጣልኩ። «ምን? አሥር ዓመት ሙሉ ጅረቱን ሽቅብ ስቀዝፍ የኖርኩት ለዚህ ነው?»

 ሁለቱ ግን አንዱ ሌላውን እያየ ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ ብላ አሸዋው መጋል ሲጀምር አርዲስ ጫማዋን አወለቀችና ከነሸሚዟ ረጋ ያለው ውሃ ውስጥ ገባች። ኦሪን ከነሱሪው ተከተላት። ውሃ ረጨችው፤ ረጫት። እኔም ስልሳ ስድስት ዓመቴን ረስቼ ገባሁ። በታንኳ የሚያልፉ ወጣቶች ሦስት ሽማግሌዎች ከነልብሳቸው ውሃ ሲራጩ ሲያዩ መቅዘፋቸውን አቁመው አጨበጨቡልን።

ወደ ማታ የኦሪንን ጀልባ የአንድ ጎረቤት የሞተር ጀልባ ጎትቶ አወጣልን። ጀልባ ማውረጃው ላይ ማንም ማንንም አልሰደበም፤ እኔ ግራ ገባኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ።

«ዴል፣ ዛሬ አትምጣ» አለች አርዲስ። ከኋላዋ መጥበሻ ሲንኳኳና አንድ ወንድ ጨው የት እንዳለ ሲጠይቅ ይሰማል።

«ምነው? ዓሣ ማጥመድ ቀረ እንዴ?»

«አልቀረም። ጀልባው ጠበበን።»

ስልኩን ዘጋሁ። መስኮቱን ከፈትኩና የጠዋቱን አየር ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ከዚያም ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ጎትቼ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛሁ።