የአምስት ሊትር ፍርድ

አምስት ሊትር የምትይዝ በርሜል ሰውን ካገሩ ልታስቀር ወይም ካገሩ ልታስወጣ ትችላለች? አየነው ከነጋ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ለራሱ አቅርቧል። ሦስቱንም ጊዜ መልስ ሳያገኝ ወደ ጓዳ ገብቶ፣ በርሜሏን አይቶ ወጥቷል።

በርሜሏ ከአክስቱ ጋኖች አጠገብ በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ተጋድማለች። አራት የብረት ቀለበት አስሯታል። ሆዷ ላይ አንድ ውታፍ፣ ፊቷ ላይ አንዲት የእንጨት ቧንቧ አላት። ጋኖቹ ጥቁርና ግዙፍ ስለሆኑ እሷ በመካከላቸው ለአቅመ ጋን ያልደረሰች፣ ሰው ቤት የመጣች ልጅ ትመስላለች። ዛሬ ትከፈታለች። ከሐምሌ እስከ ጥር፣ ስድስት ወር ሙሉ የአክስቱን አረቄ በሆዷ ይዛ ኖራለች።

ቀኑ ጥር ሃያ ሁለት ነበር። ነገ የፈረሰኞቹ በዓል ስለሆነ ከጥሊሊ፣ ከአዘና፣ ከግምጃ ቤት የሚመጡት እንጅባራ መግባት ጀምረዋል። የፈረሶቹ ቃጭል ድምፅ በአጥሩ ላይ እየዘለለ ይመጣና ይርቃል። የሌሊቱ ውርጭ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም። አየነው በረንዳው ላይ ቆመ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሣ። ስልኩን አውጥቶ ያንኑ መልእክት አነበበው።

መልእክቱ የዩዲት ነው። ዩዲት ሀንጋሪ ውስጥ፣ አየነው በትምህርትና በሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ አራቱን ዓመት በሠራባት ከተማ፣ ከአባቷ የወረሰችውን አነስተኛ የመጠጥ ማምረቻ የምታስተዳድር ሴት ናት። አሠሪው ነበረች። ከአሠሪነት አልፎም የሆነ ነገር ነበረች፤ ሁለቱም ግን ስም አላወጡለትም። የጻፈችው አጭር ነው። «ቦታህን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የምይዝልህ። ትመጣለህ ወይስ ሌላ ሰው ልቅጠር?» በእነሱ አቆጣጠር የወሩ መጨረሻ ነገ ነው።

አየነው ለዚህ መልእክት መልስ ያልሰጠው በርሜሏን እየጠበቀ ነው። ለማንም አልተናገረም እንጂ ከራሱ ጋር ተማምሎ ነበር። አረቄው በስሎ፣ ረግቶ፣ ሰው አክብሮ የሚጠጣው ነገር ሆኖ ከተገኘ እዚሁ ይቀራል፤ አክስቱ በቀርከሃ ቱቦ የምታንጠባጥበውን እሱ በእንጨት እያሳደረ፣ የተማረውን ላገሩ ሥራ ያውለዋል። ካልሆነ ይሄዳል። ከሰው ምክር ሲጠይቅ አንዱ ቅር፣ አንዱ ሂድ ይለዋል፤ ከራሱ ሲጠይቅ ደግሞ ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ ይሰማል። እንጨት ግን አያዳላም ብሎ ነበር።

በርሜሏን የመረጣት ራሱ ነው። በዩዲት አባት የበርሜል ማከማቻ ውስጥ ኦክ ከሚባለው ዛፍ የተሠሩ ሃያ ያህል በርሜሎች ተደርድረው ነበር፤ ሃምሳ ሊትር የሚይዙ፣ ሃያ የሚይዙ፣ በብብት የሚያዙ። እያንዳንዱን በጣቱ አንኳኳ፤ በውታፋቸው ቀዳዳ አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተ። ውስጣቸው በእሳት ተለብልቦ፣ ምጣድ ላይ ሊያር እንደተቃረበ እንጀራ የሚጣፍጥ ሽታ ነበረው። ትንሿን ሲያነሣ ዩዲት ሳቀች።

«ትንሽ በርሜል ችኩል ናት» አለችው። «ጥቂት መጠጥ ብዙ እንጨት ይነካዋል። ትልቋ በዓመታት የምትሰጥህን እሷ በወራት ትሰጥሃለች፤ ከረሳሃት ግን ሳንቃ ታጠጣሃለች። ላንተ የምትሆን እሷ ናት፤ አንተም መጠበቅ አትችልም።»

ባለፈው ሚያዝያ በርሜሏን በሻንጣ ይዞ እንጅባራ ሲገባ ባዶ ስለቆየች ደርቃ ነበር። አክስቱ እናትነሽና ጎረቤቷ ውብአየሁ ቆመው እያዩ ውኃ ቢሞላባት፣ በየስንጥቁ ፊን ፊን እያለ በአንድ አፍታ መሬት ላይ አለቀ።

«ዘጠኝ ዓመት ተምረህ ይዘህ የመጣኸው ወንፊት ነው?» አለች ውብአየሁ፤ ሳቋን በነጠላዋ እየሸፈነች።

እሱ አስረዳ። እንጨት ሲደርቅ እንደሚሸበሸብ፣ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ስንጥቁን ራሱ እንደሚዘጋ ተናገረ። እናትነሽ ግን አልሳቀችም። እሱን እንደ ልጇ አሳድጋዋለች፤ የጎረቤቷ ሳቅ እሷ ላይ የተሳቀ ያህል ፊቷ ጠቁሮ ነበር። በየጠዋቱ ውኃ እንድትጨምርባት ነግሯት ስለ ትምህርት ማስረጃው ጉዳይ አዲስ አበባ ሄደ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ በርሜሏ ጠብ አትልም። ከመጣ ወዲህ እንደተማረው የሆነለት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበርና ደስታው ልጅ አደረገው። ሐምሌ ሲገባ እናትነሽ ከዳጉሳ ያወጣችውን ዳግም፣ ሁለት ጊዜ የወጣውን፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራውን አረቄ ሞላባትና ውታፉን መታ። መስከረም ላይ አንዴ ቀምሶት ነበር። ጭሱ አየለበት። የበርሜሏ ውስጥ በእሳት የተለበለበ ስለሆነ ነው፤ ይበርዳል ብሎ መልሶ ዘጋት።

በሩ ላይ ፈረስ አናፋ።

«ቤቶች! ይኼን የፈረንጅ ጋን ሳትከፍቱ ደረስሁ?»

ጋሽ ደሴ ነበሩ። ነገ ከሚጋልቡት አንዱ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን ቢያልፍም ኮርቻ ላይ ሲወጡ ሰው ደግፏቸው አያውቅም። በእናትነሽ ቤት ሠላሳ ዓመት ጠጥተዋል። ምላሳቸው በአካባቢው ይፈራል፤ አንዴ ተጎንጭተው መለኪያውን ዝም ብለው ካስቀመጡት፣ ባለቤቷ ጋኑን ደፍታ ሌላ ትጀምራለች ይባላል። አየነው ዛሬ እንዲመጡ የለመናቸው ለዚሁ ነው።

«ይግቡ ጋሼ፤ እርስዎን ነው የምንጠብቅ» አለች እናትነሽ። ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንዱን መለኪያ ደጋግማ ታጥባለች።

አየነው ቧንቧዋን ቀስ ብሎ ጠመዘዛት። ሐምሌ ላይ እንደ ውኃ ጠርቶ የገባው አረቄ የማር መልክ ይዞ ወረደ።  መለኪያውን በሁለት እጁ ለጋሽ ደሴ ዘረጋ። እሳቸው ግን እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም።

«አገሩን ረሳኸው እንዴ ልጄ? የሚቀዳ ሰው ቀድሞ አይቀምስም?»

አየነው ደነገጠ። በመዳፉ ጥቂት ጠብ አድርጎ ላሰው። በመጀመሪያ ጣፈጠው፤ የእንጨቱ ለስላሳ ጣዕም ነው፣ ይህን ያውቀዋል። ቀጥሎ ግን ያ ጭስ መጣ። አልበረደም። ሰፊ፣ ደረቅ፣ ትንሽ መረር የሚል፣ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ጭስ ነበር። የተለበለበ ኦክ እንዲህ አይደለም። ከየት የመጣ ነው? በአእምሮው የተማራቸውን የጭስ ዓይነቶች አንድ በአንድ ጠራ፤ ስሞቹ በሀንጋሪኛ እየመጡ አንዳቸውም አልገጠሙለትም። ስለ ሽታ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሰው መዳፉን እያሸተተ ቆመ።

ጋሽ ደሴ ተቀብለው አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር።

«ዓይኔን አስረህ ብታመጣኝ የማን ቤት እንደሆንሁ እነግርህ ነበር። የፈረንጅ ጋን ነው የምትለኝ? ይኼ እኮ ወይራ ነው! እናትነሽ ጋኗን የምታጥንበት!»

 አየነው ወደ አክስቱ ዞረ። እሷ የምታጥበውን መለኪያ ታያለች።

«እትዬ?»

«እና ምን ላድርግ?» አለች ቀና ሳትል። «አንተ አዲስ አበባ ሳለህ ውብአየሁ ሰፈሩን ሁሉ እየጠራች አሳየች። ወንፊት፣ ወንፊት! በግራዋ አጠብኋት። ወይራ አጭሼ በቀዳዳዋ ደፋኋት፤ ሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ። ከዚያ በኋላ ነው ጠብ ማለት የተወች።»

«ውኃው እኮ ነው እትዬ! እንጨቱ አብጦ ነው!»

«ውኃው ይሁን ግራዋው እሱን እግዜር ያውቃል። እኔ ሳላጥን በቤቴ መጠጥ የገባበት ዕቃ የለም። እናቴም አላደረገችው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትመጣ እንዲያ ደስ ብሎህ ሳይ?» መለኪያውን መልሳ ውኃው ውስጥ ነከረች። «ከመጣህ ጥርስህን ያየሁት ያን ቀን ነው።»

አየነው ከጋኖቹ ሥር ባለው መደብ ላይ ተቀመጠ። ሙከራው መበላሸቱ አልነበረም የከነከነው። በዚህ ጓዳ ነው ያደገው። ይህ ጭስ በልብሱ፣ በደብተሩ፣ በሚጠጣው ወተት ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤት ልጆች የአረቄ ቤት ልጅ እያሉ የሚያሸቱት በዚሁ ጭስ ነበር። መስከረም ላይ ምላሱ ላይ ሲያርፍ፣ ዛሬም ሲያርፍ፣ የፈረንጅ እንጨት ነው አለው። ሽማግሌው በአንድ ትንፋሽ ያወቁትን እሱ በሁለት ጉንጭ አላወቀውም።

«በሷ ልወስን ነበር» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። «ልቅር ወይስ ልሂድ የሚለውን። ጥሩ ከወጣ ልቀር፣ ካልወጣ ልሄድ። እዚያ ያሉት እስከ ነገ መልስ ይፈልጋሉ። አሁን ይኼ ምን ይባላል? የእንጨቱ አይደል፣ የኔ አይደል፣ ያንቺም አይደል።»

እናትነሽ መለኪያውን አስቀመጠች። የመሄዱ ነገር ገና እንዳልተዘጋ የሰማችው አሁን ነው። በቀስታ ጠየቀችው።

«እንጨት ጠይቀህ ነው የምትኖር?»

አየነው ዓይኑን ወደ በርሜሏ መለሰ።

«ብትሄድ ሄድህ ነው» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ችየዋለሁ። ግን እኔን ጠልቶ ሄደ፣ ወይ እኔን ወዶ ቀረ ይባል። በርሜል ላከው፣ በርሜል አስቀረው የሚባል ነገር ለሰው እንዴት ብዬ ነው የማወራ?»

 ጋሽ ደሴ ይህ ሁሉ ሲባል መለኪያውን ጨርሰውት ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ አየነው። «ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?»

ሽማግሌው ባዶውን መለኪያ ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጠጥቼ አላውቅም። ስለዚህ አላውቀውም። የማላውቀውን እንዴት እፈርዳለሁ?» መለኪያውን መልሰው ዘረጉለት። «ቅዳ እስቲ። ሁለተኛው ምናልባት ይነግረኝ እንደሆነ።»

ቀዳላቸው። በዚህኛው ጊዜ ቀድሞ በመዳፉ ቀመሰ። ወይራው አሁን ስም ስላለው ይሁን አይሁን፣ ከጣፋጩ እንጨት ጋር እየተጋፋም እየተቃቀፈም አንድ ላይ ወረደ። ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን አሁንም አላወቀም። ጋሽ ደሴ ሁለተኛውን ጨርሰው «እህ» አሉና ፈረሳቸውን ፈትተው ሄዱ።

እናትነሽ ጋኖቿን መክደን ጀመረች። አየነው ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። በቤቱ አካባቢ ኔትወርክ ስለማይዝ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አልፎ ወደ ዳገቱ ወጣ። ከታች፣ በአስፋልቱ ላይ፣ ፈረሰኞች ሦስትም አራትም እየሆኑ ያልፋሉ። ቀይና ቢጫ ጌጥ የለበሱት ፈረሶች ሚኒባሶቹ ጡሩምባ ቢነፉም መንገድ አይለቁም። ስልኩ ላይ ሁለት መስመር ታየ፤ ሦስት ሆነ።

«ሙከራው ተበላሽቷል» ብሎ ጻፈ። ውሸት መሰለውና አጠፋው። «ተጨማሪ ስድስት ወር ስጪኝ» ብሎ ጻፈ። ይህንንም አጠፋው፤ ስድስት ወር ሌላ እንጨት መጠየቅ ነው። የጣዕሙን ነገር በዝርዝር ሊነግራት ጀመረና ወይራን በሀንጋሪኛ ምን እንደሚሉት ሲያስብ፣ ዛፉን የሚጠራበት ቃል አገኘ፤ ለጭሱ ግን አጣ። እጁ በረደው። አንድ ፈረሰኛ ከሥሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ በእጁ ሰላም አለው፤ ማን እንደሆነ አላወቀውም፤ እሱም በእጁ መለሰለት።

ከዚያ ሳያቆም ጻፈው። «አልመጣም። ለምን እንደሆነ አሁን ልነግርሽ አልችልም፤ እኔም ገና አላወቅሁትም። አክስቴ በርሜልሽን በአገራችን እንጨት አጥናታለች። የሆነ ነገር ወጥቷል። መልካም ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። መጥተሽ ቅመሺው።»

የመጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ አያት። ላከው።

ወዲያው እንደተነበበ የሚያሳየው ምልክት ወጣ። አየነው ስልኩን በእጁ እንደያዘ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ቆመ። ፀሐይዋ ወደ ቀርከሃው ጫካ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠረጠረ፤ ከፍ ወዳለው ድንጋይ ወጣ፤ ስልኩን አጥፍቶ አበራው። መስመሮቹ ሦስት ነበሩ። በማግስቱ ሜዳው በፈረስ ሲናወጥም በሰው መካከል ቆሞ ስልኩን እያወጣ አየ። ጥር አለቀ፤ የካቲት ገብቶ ጾሙ ተያዘ። መልእክቱ እንደተነበበ ነበር፤ ከሥሩ ግን ምንም አልተጻፈበትም።