ዐሥራ አንደኛው ፉርጎ

«እስቲ አምጪውና ልየው!» አሉ ጋሽ ፊሽካ፣ የተቀዳላቸውን ሻይ ገና ሳይነኩ።

ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የኪራይ ወንበሮች የሳሎኑን ግድግዳ ይዘው ተደርድረዋል። የተቀመጡባቸው ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቻቸው ፈተና ያወራሉ፤ አዲስ ሰው ሲገባ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። የሟች የድሮ የሥራ ባልደረባ የሆኑት ጋሽ ፊሽካ ግን ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሲነዱ ጆሯቸው ስለተደፈነ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሉ እንኳ ጎረቤት ይሰማል።

«ምኑን ጋሽዬ?» አለች ልጅቱ። የሟች ልጅ ስለሆነች ልጅቱ ተባለች እንጂ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በውሃ ሥራ ቢሮ የቧንቧ ንድፍ ትሠራለች።

«ፉርጎውን ነዋ! በመጫወቻ ጡብ የሠራሽውን!»

«ይቆዩ ሻይ ልጨምርልዎት» አለችና ሙሉውን ብርጭቆ እስኪፈስ ሞላችው።

ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ አባቷ ክፉ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት የዕቃ ባቡር ፍሬን ሠራተኛ ሆኖ የኖረው በመጨረሻዋ ፉርጎ ውስጥ ነው። ምድጃና አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ጣሪያዋ ላይ ባለመስኮት ማማ የተሠራላት ትንሽ ቤት ነበረች። ማማዋ ላይ ተቀምጦ ከፊቱ የሚሄደውን ባቡር እያየ ጭስና ብልጭታ ይፈልጋል። ከኋላ ሆኖ የፊተኛውን ጥፋት መፈለግ ሥራው ነበር፤ ሥራውንም ቤቱ ይዞት ይገባ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ያቺን ፉርጎ በሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች ሠርታ ከበር ጠበቀችው። አገላብጦ አያትና «የዶሮ ቤት» አላት።

«ምኑ ነው የጎደለው አባባ?»

«መጀመሪያ አፍርሺው፤ ከዚያ እነግርሻለሁ። ጉድለት ያለበት ፉርጎ ከጣቢያ አይወጣም።»

ፊቱ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ነቀለችው፤ ጡቦቹን በየቀለማቸው ለየች። የመጨረሻዋ ጡብ ሳጥኑ ውስጥ ስትገባ «መሰላሉ በግራ ነው» ብሏት ለእራቱ ተነሳ። ለአንድ ፉርጎ አንድ ጉድለት፤ ሁለት ነግሯት አያውቅም። ለሁለተኛው የጭስ ማውጫው አጠረ፤ ለሦስተኛው የምድጃው በር አይከፈትም። አድጋ፣ ትዳር ይዛ ዐሥረኛውን ስታፈርስ ባሏ በር ላይ ቆሞ አይቶ፣ «ከእሱው ጋር ኑሪ» ብሏት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አባቷም በዚያ ቀን የነገራት የማማው መስኮት በግማሽ የጡብ ጉብታ ወደ ኋላ መሆን እንዳለበት ነው።

ዐሥራ አንደኛውን ሁለት ዓመት ነደፈችው። ባለካሬ ወረቀት ላይ አንዷ ካሬ አንዲት የጡብ ጉብታ ሆና፣ ማማው፣ መሰላሉ፣ በጣት ጫፍ የሚዞረው የፍሬን መሪ ሳይቀር ቦታ ቦታውን ያዘ። ተሠርቶ ሲያልቅ ግን የአባቷን ዐይን ስኳር በሽታ ወስዶታል። አልጋው ላይ እንዳለ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ግማሽ ሰዓት ዳሰሰው። የፍሬኑን መሪ አዞረ፤ የምድጃውን በር ከፍቶ ዘጋ።

«ይሄ ነው» አላት። «ልክ ነው። እንዳለ ተይው።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ማልቀስ ይገባት ነበር፤ ከሆዷ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አይደለም አባባ። አንድ ነገር ጎድሎታል።»

«ምን ጎደለው?»

«መጀመሪያ ላፍርሰው፤ ከዚያ እነግርዎታለሁ።»

ከእጁ ወስዳ ትራሱ አጠገብ፣ ጆሮው ሥር፣ እያንዳንዷ ጡብ ስትነቀል እንዲሰማ ቀስ ብላ አፈረሰችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም፤ ምን እንደጎደለውም ሳትነግረው ወጣች። በአራተኛው ቀን ሞተ።

«ደውሎልኝ ነበር እኮ!» አሉ ጋሽ ፊሽካ፣ ሱሪያቸው ላይ የፈሰሰውን ሻይ በመሐረብ እየጠረጉ። «'ልጄ ፉርጎዬን ሠራችው፤ አንድም የጎደለው የለም፤ ሄደህ እይላት' አለኝ። እሱ ሰው አመስግኖ ያውቃል? ሊሞት ነው ብዬ የጠረጠርኩት ያኔ ነው!»

«መቼ ነው የደወለልዎት?»

«ሰኞ ጠዋት!»

ያፈረሰችው እሑድ ነው።

«የለም» አለች በቀስታ። «አፈረስኩት።»

«አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ!»

«አፈረስኩት!» ብላ ጮኸች። «እየሰሙ፣ ጆሯቸው ሥር አፈረስኩት!»

ወንበሮቹ ላይ ያለው ወሬ ቀጥ አለ። አክስቷ ከጓዳ ብቅ አለች። ጋሽ ፊሽካ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«አባትሽ ምን አለሽ?»

«'አንዷ ጡብ አልጋ ሥር ወድቃለች፤ ስትወድቅ ሰምቻለሁ፤ አንሺያት' አሉኝ።»

«አነሳሻት?»

ብርጭቆዎቹን እየተሻገረች አልፋ የአባቷን ክፍል ከፈተችና ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛች።

«ኧረ ተነሺ፣ ሰው ምን ይላል!» አለች አክስቷ በሩን ከኋላዋ እየዘጋች። «እዚያ ሥር ምንም የለም። በቀብሩ ማግስት እኔው ራሴ ጠርጌ ጥራጊውን ለቆሻሻ መኪና ሰጥቼዋለሁ።»

ልጅቱ ሰምታታለች። ጉንጯን ወለሉ ላይ አስተኝታ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ፣ የተጠረገውን ወለል በመዳፏ መዳሰስ ቀጠለች።