የናፊሳን ማንጎ የበላው ጦጣ

እኔ ጣይባ፣ ሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርት የምሸጠው፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ አልችልበትም። የማህፀን ጫፍ ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጌ ውጤቱን ልሰማ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ዓይናለም፣ «ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ተገኝቶብሻል፤ ነገር ግን...» ስትል «ነገር ግን»ን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ወረቀቱን ግን ጨብጫለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በቃ ሞትኩ አልኩ። ባሌ ሙሳ ከአጣዬ ሲመጣ ሰላምታውን እንኳ አልመለስኩለትም። ከየት አምጥቶብኝ ነው ብዬ ነዋ!

የጎረቤት ሐቅ ይዞ ደግሞ አኼራ አይኬድም። በማግስቱ ጠዋት አጥር የምንጋራት ናፊሳ ዘንድ ሄድኩ።

«ናፊሳ፣ አውፍ በይኝ።»

«ምን አድርገሽኝ?»

«አምስት ዓመት ሙሉ ማንጎዬን ጦጣ በላብኝ የምትዪው... እኔ ነኝ። ቅርንጫፉ ወደ እኔ ግቢ ሲያዘነብል ጊዜ...» እንባዬ ቀደመኝ። ወረቀቱን አሳየኋት።

«ሲስተሯ ምን አለችሽ?»

«ሳትጨርስ ወጣሁ።»

«ያ ረቢ፣ አንቺ ሴት! ማንጎዬን በልተሽማ እንዲህ በቀላሉ አትሞቺም!» ብላ ባጃጅ ውስጥ ከተተችኝ።

ሲስተር ዓይናለም ስታየን ሳቀች። «ነገር ግን ካንሰር አይደለም፤ ኤች አይ ቪም አይደለም» ብላ ካቆመችበት ቀጠለች። «አብዛኛውን ሰው በዕድሜው አንዴ ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ምልክት ስለማያሳይ ነው የምንመረምረው። ከግንኙነት በኋላ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካየሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ።»

«ባሌ ነው ያመጣብኝ?»

«ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ከማንና መቼ እንደመጣ ወረቀቱ አይናገርም።»

ምስኪን ሙሳ! እሱንም አውፍ ማስባል ሊኖርብኝ ነው።

ከዚያ አስተኝታኝ፣ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የማህፀኔን ጫፍ አቼቶ ቀብታ አየች። ይህን ጊዜስ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«የተለወጠ ነገር የለም። ከዓመት በኋላ ተመልሰሽ ትታያለሽ።»

አልሐምዱሊላህ! ሲስተሯን ከነጋውኗ አቀፍኳት። ዘወር ስል ናፊሳ በሩን እያየች ነው።

«አንቺስ ተመርምረሻል?» አልኳት።

«እኔ ምንም አላመመኝም።»

«እኔስ አሞኝ ነበር?» ብዬ ክንዷን ያዝኩ። እያጉረመረመች ሲስተሯ የሰጠቻትን ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ይዛ መጋረጃው ጀርባ ገባች፤ ናሙናዋን ራሷ ወስዳ ሰጠች። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ተባለች።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እጄን ያዘች።

«ጣይባ፣ ውጤቴ ሳይመጣ አንቺም አውፍ በይኝ።»

«ምን አድርገሽኝ?»

«ጦጣ ላባርር እያልኩ ቆርቆሮሽን በድንጋይ ስደበድበው የኖርኩት... ጦጣ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቅ ነበር።»

አምስት ክረምት ሙሉ ለሚያፈሰው ጣሪያዬ ባልዲ ስደቅን የኖርኩት ትዝ አለኝ። አውፍ አልኳት። ምን ላድርግ፣ ገና ብዙ ዓመት ጎረቤት ነን።