የጀሶው ምስክር

ረመይ አውራ ጣቷን ጀሶው ላይ ስትጫነው ጣቷ እርጥብና ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

ስልሳ አንደኛው ደረጃ ላይ ነበረች። በየማለዳው የደወሉን ማማ ከፍታ ስትወጣ እዚህ ቦታ ቆማ ግድግዳውን መዳሰስ ልማዷ ነው፤ ትናንት ብቻ ማማው ለበዓሉ ዝግጅት ተብሎ ተዘግቶ ስለነበር አልወጣችም። ግድግዳው ከተሰነጠቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ግንበኛው አባቷ፣ ግንበኞች ስንጥቅ ሲጠረጥሩ የሚያደርጉትን አደረገ። በስንጥቁ ላይ መዳፍ የምታህል ጀሶ አግድም ለጥፎ፣ ሳትደርቅ ቀኑን በምስማር ጻፈባት። ጀሶ እንደ ድንጋይ አይታገሥም፤ ግድግዳው የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ግንበኞቹ «ምስክር» የሚሏት ለዚህ ነው። ምስክሯ ሙሉ ከሆነች ማማው ተኝቷል፤ ከተሰበረች ነቅቷል።

አሁን ምስክሯ ሙሉ ናት። የተጻፈባትም ያው የዛሬ ስድስት ዓመቱ ቀን ነው። ነገር ግን ስድስት ዓመት የቆየ ጀሶ ጣት አያረጥብም።

የስልኳን መብራት አብርታ ጎንበስ አለች። ደረጃው ጥግ ላይ፣ መጥረጊያ ያልደረሰበት ቦታ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ግራጫ ስባሪ አገኘች። ደረቅ ናት። አንድ ቁጥር ተጽፎባት ነበር፤ ቁጥሩ መሃል ለመሃል ተቆርጧል። ኪሷ ከተተቻትና አዲሱን ጽሑፍ እንደገና አየችው። አራት ቁጥሩ እንደ ተገለበጠ ወንበር እግሩን አንፈራጧል። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ አንድ ሰው ታውቃለች። ማወቅ ግን አልፈለገችም፤ መብራቱን አጥፍታ ወረደች።

ከታች ሃያ ስምንት ጎብኚዎች የአስጎብኚነት ቀይ ጃንጥላዋን ይጠብቃሉ። የሮካልባ ከተማ ዓመታዊ በዓል ነው። እኩለ ቀን ላይ ሕዝቡ «ወፍራሟ» የሚላት ሁለት ቶን የምትመዝን ደወል፣ ስንጥቁ ከታየ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በገመድ ተወዛውዛ ዙሪያዋን ትዞራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በመዶሻ ብቻ እየተመታች ሰዓት ስትቆጥር ነው የኖረችው። ማዘጋጃ ቤቱ ከደወሏ አጠገብ ቆሞ ለማየት ትኬት ሸጧል፤ ትኬቱ በሁለት ቀን አልቋል።

ሮካልባ ያልሸጠችው ነገር የለም። ሥጋ ቤቱ ለጎብኚ መታሰቢያ የሚሆን ማግኔት ይሸጣል። መድኃኒት ቤት የነበረውም ማግኔት ይሸጣል። አይሁዶች የተባረሩበት ጠባብ መንገድ ላይ ስለ መባረራቸው የሚተርክ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሰሌዳው ሥር አይስክሬም አለ። አሮጌው ሰፈር ውስጥ ተወልዶ እዚያው የሚያድር ሰው ቢቆጠር አርባ አይሞላም፤ የቀረው ቤት ሁሉ ለሦስት ሌሊት የሚከራይ ነው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ደግሞ የውጭ ጠላቶች አይደሉም። እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ተጠምቀው፣ በበዓል ቀን በአያቶቻቸው ድንጋይ ፊት እንባ የሚያብሱ ሰዎች ናቸው። ድንጋዩን የሚወዱት ገንዘብ እስከሚያስገባ ድረስ ነው።

ረመይ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዋ ነውና።

ጎብኚዎቹን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለውን የእንጨት ቅርጽ እንዲያዩ ልካ ለፌሊዩ ደወለች። ፌሊዩ በማዘጋጃ ቤቱ የጉብኝት ኃላፊ ነው፤ አንደኛ ደረጃን አብረው ተምረዋል። የበዓል ሸሚዙን ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ቀይ መሐረብ አስሮ፣ እየሳቀ መጣ። ስባሪዋን መዳፏ ላይ አሳየችው።

«ማን ለጠፈው?» አለችው።

«መጀመሪያ እንደምን አደርክ ይባላል።»

«ፌሊዩ።»

ሳቁን ሰበሰበ። ዓርብ ማታ ለሙከራ ደወሏን ጥቂት እንዳወዛወዟት፣ ምስክሯም እንደ ተሰበረች፣ ስንጥቁ ግን ምላጭ እንኳ እንደማያስገባ ነገራት። መሐንዲሱ ማክሰኞ ይመጣል አለ።

«ዛሬ እሑድ ነው» አለች ረመይ።

«ስድስት መቶ ዓመት የቆመ ግንብ እስከ ማክሰኞ መቆም ያቅተዋል?»

«ለእሳት አደጋ እደውላለሁ።»

«ደውዪ» አለ በለስላሳ ድምፅ። ድምፁ ሲለሰልስ ነው ረመይ የፈራችው። «የምስክሯን ፎቶ ዛሬ ጠዋት ልኬላቸዋለሁ። የስድስት ዓመቷ ምስክር ሙሉ ናት። አንቺ እርጥብ ናት ትያለሽ፤ እነሱ እስኪመጡ ትደርቃለች። ታዲያ ማን ለጠፋት ብለው ሲጠይቁሽ ምን ልትይ ነው? ጽሑፉን አይተሽዋል። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ረመይ። በዚህ ዕድሜው ዳኛ ፊት ልታቆሚው ነው?»

መሐረቡን አስተካክሎ ሄደ። ጀርባውን ስታየው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሌላ ልጅ ደብተር ደብቆ ሌላውን ሲያስገርፍ የነበረው ልጅ ታያት። ያኔም እንዲሁ ነበር፤ እጁ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

አባቷ ኤውዳልድ ማማው ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቤሬ የሚሉትን ጠፍጣፋ ቆቡን ደፍቷል። ቲማቲም የተፈተገበትን ዳቦ በኪስ ቢላው እየቆረጠ ይበላል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየጠዋቱ እዚህ ተቀምጦ ልጁ ከማማው ስትወርድ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃታል፤ «ምስክሯ እንዴት አደረች?» ይላታል። እሷም «ደኅና አደረች» ትለዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ሰላምታ የሆነ ነገር ነው።

ዛሬ አልጠየቀም።

አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ዛሬ አልጠየቅከኝም።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

ቢላውን ዳቦው ላይ ጠረገ። ፌሊዩ ትናንት ከሰዓት ቤት ድረስ ወይን ይዞ እንደመጣ ተናገረ። ማማው ከተዘጋ የትኬቱ ገቢ እንደሚቀር፣ ገቢው ከቀረ መጀመሪያ የምትሰናበተው እሷ እንደምትሆን ነግሮታል።

«በሃምሳ አራት ዓመትሽ ማን ይቀጥርሻል?» አለ። «ማግኔት ልትሸጪ ነው?»

«ማግኔት ሰው ላይ አይወድቅም።»

«ዝም ብዬ አልለጠፍኩም እኮ። እሷም ምስክር ናት። ማማው ከተንቀሳቀሰ እንደ ፊተኛዋ ትሰበራለች። እስከ ጠዋት ካልተሰበረች ማማው ጸንቷል ብዬ ነው።»

«ቀኑስ? ለምን የድሮውን ቀን ጻፍክባት?»

ዳቦ ቆርጦ አፉ ውስጥ ከተተ። ስልሳ ዓመት ድንጋይ ሲያነባብር፣ በዚህ አውራጃ ካሉት ግንቦች በግማሹ ላይ ምስማሩ ቀን ጽፏል። አንድም ቀን ውሸት አልጻፈም ነበር፤ እስከ ትናንት።

በዚያው ቅጽበት ከላይ ወፍራሟ ተንቀሳቀሰች። ደዋዮቹ እጃቸውን ማፍታታታቸው ነው፤ ሦስት ጊዜ ብቻ አወዛወዟት። ድምፁ ከጆሮ ይልቅ መቀመጫው ድንጋይ ውስጥ ተሰማ። ርግቦቹ ከማማው በአንድ ላይ ወጥተው ጣሪያው ላይ ሳያርፉ ሸለቆውን ተሻግረው ሄዱ። አደባባዩ ላይ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሲያበቃ በኤውዳልድ ዳቦ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነገር አረፈ። ሽማግሌው በሁለት ጣቱ አንስቶ አሻሸው። አፉ ውስጥ የነበረውን ሳይውጥ ቆየ።

«አቧራ ነው» አለች ረመይ፣ እሱ እንዲስማማላት ፈልጋ።

«ኖራ ነው» አለ። «ከግድግዳው ሆድ የወጣ።» ዳቦውን መሐረቡ ላይ አስቀመጠ። «ውጪና ምስክሯን እያት።»

ስልሳ አንዱን ደረጃ ሳታርፍ ወጣች። ጀሶው አሁንም ቀዝቃዛ ነው። በላዩ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፀጉር የመሰለ መስመር ወርዷል፤ አራት ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎታል። ጥፍሯን አስኬደችበት። ጥፍሯ ገባ።

ከላይ የአራቱ ደዋዮች ሳቅ ይሰማል፤ ማንቆርቆሪያ አፍ ባለው ጠርሙስ ወይን እየተቀባበሉ ነው። ውረዱ ብላ ጮኸችላቸው። አንዱ በደረጃው ቀዳዳ አንገቱን አውጥቶ፣ «ረመይ፣ ነይ ወፍራሟን ሳሚያት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የሳማት የለም» አላት። ግድግዳው ተንቀሳቅሷል ስትለው፣ ፌሊዩ ካዘዘን እንወርዳለን ብሎ ተመለሰ። ለወይኑም ለገመዱም የከፈለው ፌሊዩ ነው።

ስትወርድ ጎብኚዎቿ በሩ ላይ ተሰልፈው ትኬታቸውን አውጥተዋል። አንዲት ሴት የሕፃን ልጇን ጆሮ በጥጥ እየደፈነች ነው። ረመይ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበትና ለእሳት አደጋ ደወለች። እኩለ ቀን ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ከታችኛው መንገድ ከበሮ እየቀረበ ነው፤ ከእንጨት የተሠሩት የበዓሉ ግዙፍ አሻንጉሊቶች፣ ንጉሥና ንግሥት፣ በሰው ትከሻ ላይ ሆነው እየመጡ ነው። እንደ ልማዱ ማማው ሥር ሊጨፍሩ፣ ሕዝቡም ከብቧቸው ሊቆም።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ረጋ ያለች ነበረች። ረመይ ያየችውን ተናገረች።

«የማዘጋጃ ቤቱ ሪፖርት እዚህ አለ» አለች ሴትዮዋ። «ምስክሩ ሙሉ ነው ይላል፤ ከስድስት ዓመት ጀምሮ። ፎቶም አለው።»

«ፎቶ ያነሱት የትናንት ማታውን ነው። የድሮው ዓርብ ተሰብሯል። አዲሱም አሁን ተሰበረ፤ አሥራ አምስት ሰዓት እንኳ አልቆየም።»

የሴትዮዋ ድምፅ ፈጠነ። «አንድ ሌሊት አልቆየም ነው የሚሉኝ?»

«አዎ።»

«ይህ ከሆነ አደባባዩን አሁኑኑ ነው የማስለቅቀው። ግን በእጄ ያለው የተፈረመ ሪፖርት ነው፤ በእርስዎ ቃል ብቻ ልሽረው አልችልም። ትናንት ማታ ለጠፈው የሚሉኝ ሰው ማን ነው? ስም ይስጡኝ።»

ረመይ ቀና ስትል ፌሊዩ የማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ ያያታል። እጁን አላወዛወዘም፤ ራሱን ብቻ በቀስታ ነቀነቀ፣ እንደማታደርገው እንደሚያውቅ። ከበሮው አደባባዩ ጥግ ደረሰ። የንጉሡ ዘውድ ከሰዉ ራስ በላይ ብቅ አለ።

አባቷ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ እሷ እየመጣ ነበር፤ በየእርምጃው ቆም እያለ። ቆቡን በእጁ ይዟል። አጠገቧ ደርሶ ቆመ። እሷም ዓይኑን ማየት አልቻለችም፤ ጣቶቹን አየች። ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ጀሶ ነበር።

«ሴትዮ፣ አሉ?» አለ ስልኩ።

«አለሁ» አለች። «ኤውዳልድ ሰርዳ ይባላል። ግንበኛ ነው። አባቴ ነው።»

ሽማግሌው እጁን ዘረጋ።

«አምጪው» አለ። «ትክክለኛውን ቀን እኔ ልንገራቸው።»

ስልኩን ሰጠችው። ከዚያ ቀዩን ጃንጥላ በጠራው ሰማይ ሥር ዘረጋችና ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ጎብኚዎቿን አስከትላ፣ የሚመጣውን ከበሮና ሕዝብ ከአደባባዩ ወደ ኋላ እየመለሰች ወደ ከተማዋ ታችኛው በር መራመድ ጀመረች።