ያልተወለደበት ቀን

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም በር ላይ አትገተር፣ ወንበሩን ሳብ አድርገህ ተቀመጥ። ስልካችሁን ለጥቂት ጊዜ ኪሳችሁ ክተቱልኝ፤ የማወራችሁ የእሱኑ ጉዳይ ነው።

ፌስቡክ የሚሉት ነገር ዲላ በገባ ሰሞን ነው። እንድርያስ ገደብ የሚባል ወረዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ ዲላ መጥቶ ኮሌጅ የሚማር፣ ዝምተኛ። ጓደኛው ፈድሉ ደግሞ የከተማ ልጅ፤ እናቱ እማማ ሀዲጃ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ አንዱ ያለ አንዱ ምሳ አይበላም። እንድርያስን ኢንተርኔት ቤት ወስዶ ፌስቡክ የከፈተለትም ይኸው ፈድሉ ነው። ማሽኑ የተወለድክበት ቀን መቼ ነው ብሎ ሲጠይቅ እንድርያስ ዐይኑን አፈጠጠ። በየት በኩል ያውቀዋል!

«ችግር የለም፣ በፈረንጅ አዲስ ዓመት ተወልደሃል» አለ ፈድሉ። ጠቅ አድርጎ አለፈው። ተሳሳቁ።

ኋላ ተጣሉ። ለሰሚው ትንሽ ነገር ነው፤ ለእንድርያስ ግን ትንሽ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ጽሑፉን አቅርቦ ገና ሳይቀመጥ፣ ፈድሉ ያንን የገደብ ዜማ ያለው አማርኛውን አስመስሎ ተናገረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንድርያስ ደብተሩን ሰብስቦ ሌላ ዴስክ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ቃል ሳይለዋወጡ ታኅሣሥ ገባ።

በታኅሣሥ መገባደጃ፣ ያ የፈረንጅ አዲስ ዓመት የዋለ ዕለት ጠዋት፣ እንድርያስ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ፌስቡኩን ቢከፍት፣ ገጹ በ«ሃፒ በርዝዴይ» ተጥለቅልቋል። ኮሪደር ላይ ቢጋፉት እንኳ ቀና ብለው የማያዩት ልጆች «ውዴ»፣ «የኔ ጀግና» ይሉታል። «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ያውቁኛል?» አለ በልቡ። ወደ ታች ወረድ ሲል ግን ዐይኑ አንዱ መልእክት ላይ ተተከለ።

«እንኳን ተወለድክ ወንድሜ» ይላል። የጻፈው ፈድሉ ነው።

ግራ ገባው። ሌላው እሺ፣ ማሽኑ አስታውሶት ነው። ቀኑን የፈጠረው ግን ፈድሉ ራሱ አይደለም እንዴ! ውሸት መሆኑን እያወቀ እንኳን ተወለድክ ማለት ምን ማለት ነው? ዕርቅ ነው? ወይስ እንደዚያን ቀኑ በሰው ፊት ማሾፍ? ሳይመልስ ገጹን ዘግቶ ወጣ።

የኮሌጁ ግቢ በር ላይ የክፍሉ ልጅ ሥርጉት ጠበቀችው።

«አንተ ቆንቋና! ኬኩ የታለ?»

«የምን ኬክ?»

«ፌስቡክ ላይ ተወልደህ እዚህ ትክዳለህ?»

ጓደኞቿ ሳቁ። ከኋላቸው ፈድሉ ነበር። እንድርያስን አየው፤ አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

እዚያ ወንድሜ፣ እዚህ ባዳ! እንድርያስ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ገደብ ለእናቱ ደወለ። «እማ፣ መቼ ነው የተወለድኩት?» እናቱ ሳቁበት። «ቡናው ሲያብብ ነዋ፣ ጓሮው ነጭ ሲለብስ። ታኅሣሥማ አንተን በሆዴ ይዤ ቡና ስለቅም ነበር።»

አላስችል አለው። በቀጥታ ወደ እነፈድሉ ሱቅ ሄደ።

«ውይ፣ አንተ ልጅ!» አሉ እማማ ሀዲጃ። «ምን በድለንህ ነው የጠፋኸው? ፈድሉ! ና ውጣ!»

ፈድሉ ከጓዳ ወጣ። እንድርያስ ሰላምታም አላስቀደመ።

«ለምን ጻፍክልኝ?»

«አንተስ ለምን አልመለስክም?»

«ቀኑ የውሸት መሆኑን ታውቃለህ። እንደገና ልታሾፍብኝ ነው?»

ፈድሉ የባንኮኒውን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። «ይቅርታ ብዬ ስንቴ ጽፌ ስንቴ አጠፋሁ መሰለህ። ዛሬ ሁሉም ሲጽፍልህ በመሃላቸው ተደብቄ ገባሁ። ዝም ስትለኝ ቂሙ አልወጣለትም ብዬ አፈርኩ።»

«እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ስትዘጋኝ ጊዜ...»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ እማማ ሀዲጃ፣ ስኳር መመዘኑን ትተው። «እዚያ ሰላም አልከውና እዚህ ዘጋኸው? ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይልካል፤ እናንተ ማሽን ላካችሁ? ያሾፍክበት በምንህ ነው፣ ፈድሉ?»

«በአፌ።»

«እንግዲያው በዚያው በአፍህ።»

ፈድሉ ቀና አለ። «ይቅር በለኝ» አለ።

«ይቅር ለእግዜር።»

ከዚያ ሥርጉት የጠየቀችውን ኬክ ባያገኙም፣ የእንድርያስ እናት ስለ ቡናው አበባ ያሉትን እያወሩ ከሱቁ ብስኩት ከፍተው በሉ። እንድርያስ ግን ወደ ማደሪያው ሲመለስ አሁንም ግራ እንደገባው ነበር። ውዴ ያሉት እነዚያ ሁሉ ነገ ኮሪደር ላይ ሰላም ይሉት ይሆን? እሱስ አስቀድሞ ሰላም ቢላቸው ማን ነህ ይሉት ይሆን? እኔም ብትጠይቁኝ አላውቅላችሁም።

የማውቀው ይህን ነው፦ ቡናው ሲያብብ ፈድሉ የገደብን አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ዳቦ በእጁ ይዞ፣ ለዕረፍት እናቱ ጋ የሄደውን እንድርያስን በራቸው ላይ ቆሞ «እንኳን ተወለድክ» አለው።

እናንተም ልጆቼ፣ እዚያ ላይ ወንድሜ፣ እህቴ ብላችሁ የጻፋችሁለትን ሰው መንገድ ላይ ስታገኙት አንገታችሁን አትድፉ። ይህቺን ብቻ አደራ፣ አትርሱብኝ።